ጣት በጣውላ አይድንም

ሥራዬ ጫማ ማደስ ነው። ግድግዳ ለሚወጡ ስፖርተኞች ያለቀ የጎማ ሶል እቀይራለሁ። ትምህርቴን ከመንገድ ያቋረጥኩ ስለሆንኩ ምክር ብሰጥ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የሚጠቅመው ይውሰደው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጠገንኳቸውን ጫማዎች ላስረክብ ወደ ስፖርት አዳራሹ ስገባ ሳላስበው ጠብ መሃል ገባሁ። አሰልጣኙ ወጣቶቹ ለልምምድ በጣታቸው ከሚንጠለጠሉበት ጣውላ ሥር ቆሞ የገዛ ልጁን «ተንጠልጠል!» እያለ ይጮኻል። ልጁን ሁላችንም ሙጫ እንለዋለን፤ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ አይወርድማ። በዚያ ሰዓት ግን እንዳያዳልጠው ዱቄት የተቀባ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ፊቱ አመድ መስሏል። ትንሽ ቀደም ብሎ ጠባብ መያዣ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል አንድ ጣቱ «ጧ!» ብሎ ጮኾ ነበር። በማግስቱ ደግሞ የቡድን ምርጫ አለ።

በአባትና በልጅ መካከል የአሰልጣኙ የእህት ልጅ ቆማለች። የአካል ሕክምና ተምራ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ናት፤ የዚያን ቀን ልምምድ ልታይ ብቅ ብላ ነው።

«አጎቴ፣ በፈጠረዎት፣ አያንጠልጥሉት!»

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይልኝ። ጣት ሲጮህ የሚፈታው በትኩሱ ነው። ከበረደ አለቀ! ስንቱን በዚህ ጣውላ አድኛለሁ!»

ይህ የአዳራሹ የቆየ ደንብ ነበር። ጣቱ የጮኸ ሁሉ እዚያው ይሰቀላል፤ እንባው የመጣበትን ደግሞ «ቅቤ» እያሉ ይስቁበታል። ደንቡን ማን እንዳወጣው የጠየቀ የለም።

«የብስክሌት ፍሬን ገመድ አይተው ያውቃሉ?» አለች።

«አሁን ደግሞ ብስክሌት መጣ!»

«ገመዱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው በትንንሽ ማቀፊያዎች ስለተያዘ ነው። ማቀፊያው ተበጥሶ ገመዱ ሲሳብ ከብረቱ ተነሥቶ ይወጠራል። ጣትም እንደዚሁ ነው፤ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር የያዙ ማቀፊያዎች አሉ። የጮኸው አንዱ ማቀፊያ ነው። ምናልባት የተቀደደው በከፊል ይሆናል፤ አሁን ከተንጠለጠለ ግን የቀረውንም ይጨርሰዋል።»

«ሐኪም ማስፈራራት ይወዳል። ነገ ካልወጣ ቡድኑ ውስጥ የለም እኮ! ዓመቱን ሙሉ የለፋው ለማን ነው?»

«ለአንተ ነዋ፣ አባዬ» አለ ሙጫ፣ ቀስ ብሎ።

አሰልጣኙ እጁን አነሣ። ልጁን ሊመታው ነው ብዬ ነበር፤ የመታው ግን ጣውላውን ነው። «ውጣ አልኩ!» ሙጫ ከጣውላው ሥር ያለው ወንበር ላይ ወጣ። ጣቶቹን ጣውላው ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ» አለች ልጅቷ። «በዚህ ጣውላ ካዳኗቸው ሰዎች ዛሬም ግድግዳ የሚወጣ አንድ ይጥሩልኝ።»

«ሞልቷል! ያ... ረጅሙ...» ረጅሙ ግድግዳ መውጣት ትቷል። «ግራኟስ?» አለ። እሷም ትታለች። ዓይኑ አዳራሹን ሲዞር እኔ ላይ አረፈ። «ይኸው! ጫማ ሰፊው! ይሄን እኔ ነኝ ያዳንኩት!»

አዎ፣ በወጣትነቴ እኔም ግድግዳ ስወጣ ጣቴ ጮኾ እዚያው ጣውላ ላይ ሰቅሎኛል። ከዚያ ጣቴ አልታጠፍ ሲል «ሰነፍ» ብሎ በሰው ፊት አባረረኝ። እሱ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

«ጋሼ፣ ይዩት እንግዲህ» አልኩና እጄን ዘርግቼ ለመጨበጥ ሞከርኩ። ሌሎቹ ጣቶች ተሰበሰቡ፤ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከሥሩ ጅማቱ ቆዳዬን ወጥሮ ብድግ አለ።

አሰልጣኙ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር።

«ውረድ፣ ልጄ።»

ሙጫ ወረደ።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ጠፍሬ ልሰረው?»

«ጠፍሮ ማሰርም አይሆንም፣ ይደርቃል። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከዚያ ማቀፊያውን የሚደግፍ ጠንካራ ቀለበት ይደረግለታል፤ ጣቱን ሳያመው ቀስ እያለ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እብጠቱና ሕመሙ ሲሄድ ጥቂት ክብደት ያስለምደዋል። ጣውላው ራሱ ጠላት አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ይለማመድበታል። ካመመው ይቀንሳል።»

«ምርጫውስ?»

«ይቅርበት።»

ሙጫ ምርጫው አመለጠው። አለቀሰም፤ አልደብቅም። ጣቱ ግን ዳነ፤ በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ውስጥ ገባ። አዳራሹም ደንቡን ለወጠ። ሳይሟሟቅ ጠባብ መያዣ የሚነካ የለም፤ ጣቱ የጮኸ ወዲያው ወርዶ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ «አመመኝ» ያለውን «ቅቤ» የሚለው የለም። ድሮ ለአንድ ቀን ውድድር ሲባል ዕድሜ ልክ የሚጎድል ጣት ነበር፤ ዛሬ ጥቂት ወራት ታግሶ ዓመታት መውጣት ተችሏል።

አሰልጣኙ ይህን ሁሉ ራሱ እንደደረሰበት አድርጎ ያስተምራል፤ የእህቱን ልጅ ስም ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም። እኔንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ግድ የለም። ከእኔ በኋላ የመጡት ጣታቸው ይታጠፍ፤ የእኔ ቂም ከእኔ ጋር ይቅር።