የአቶ እንደሻው በሬና የጌታ መምጫ

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አቶ እንደሻው ዳልቻ የሚሉትን በሬያቸውን እየነዱ ወደ አሰላ ከብት ገበያ ሲወርዱ፣ ከተማው ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ዝናብ ያዛቸው። የጭላሎ ተራራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ከእሱ ጋር አይከራከርም። አቶ እንደሻውም ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ካለው የጎሚስታ ቤት ቆርቆሮ ሥር ገቡ። ዳልቻም ማንም ግባ ሳይለው ተከትሏቸው ገባ።

ጎሚስታው ጌትነት የሚባል ወሬ የማይጠግብ ጎልማሳ ነው። ከሚጠግነው ጎማ ቀና ብሎ በሬውን ካየ በኋላ፣ “ጋሼ፣ የመጣ ሥራ አልመልስም። ግን የትኛው እግሩ ነው የተነፈሰው?” አላቸው።

በሌላ ቀን ቢሆን አቶ እንደሻው ከልባቸው ይስቁ ነበር። በዚያ ዕለት ግን ፊታቸው ከሰማዩ የባሰ ጠቁሮ ስለነበር ቀልዱ ሜዳ ላይ ቀረ።

“ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?” የሚል ድምፅ ከወደ ጥግ ተሰማ። የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ፀዲ ነበረች። ፀዲ አሰላ ከተማ አስተማሪ ናት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ታስተምራለች። እነ አቶ እንደሻውን ልትጠይቅ ስትወጣ የተሳፈረችባት ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ እዚያው ቆማ ቀርታለች። ጉንጫቸውን ስማ፣ የጋቢያቸውን ውሃ አራግፋ፣ በርጩማ አቀረበችላቸው።

“አክስቴ አሰፋች ደህና ናት?”

“ደህና ናት። አኩርፋኛለች እንጂ።”

“ምን አድርገዋት?”

አቶ እንደሻው በአገጫቸው ወደ በሬው አመለከቱ። “ይሄን ልሸጥ ስፈታው ጊዜ ነው ያኮረፈችው።”

“ዳልቻን? ዘር በደረሰበት ሰዓት?”

“ዘንድሮ አልዘራም ልጄ” አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። “አንቺ የቀለሙን ትምህርት ተምረሻል፤ የዘመኑን ምልክት ግን ልብ አላልሽውም። ጌታ በዚህ ጳጉሜን ይመጣል። በሐምሌ የተዘራ ስንዴ የሚታጨደው ጥቅምት ካለፈ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ሊያጭደው? ማንስ ሊበላው?”

“ጳጉሜን መሆኑን ማን ነገረዎት?”

“ስልኬ ላይ የሚሰብከው ሰውዬ ነዋ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴራ ከተማ የሚነግደው ልጃቸው፣ ናፍቆት ሲበረታባቸው መልኩን እያዩ እንዲያወሩት ብሎ የሚነካ ስልክ ገዝቶላቸው ነበር። ታዲያ ከልጃቸው ይልቅ ሌላ ሰው ስልኩን ወረሰው። ይህ ሰባኪ ጦርነቱን፣ አንበጣውንና የእህል መወደዱን ደምሮ ቀንሶ የጌታን መምጫ ቀን አገኘሁ የሚል ነው። መጀመሪያ የቀጠረው ለደብረ ዘይት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም እኩሌታ የጌታን ዳግም መምጣት ለምታስብበት እሑድ። አቶ እንደሻው ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አመሻሹ ላይ የጎረቤት አህያ አጥር ጥሳ ከመግባቷ በቀር የመጣ አልነበረም። ሰባኪውም ሒሳቤ ትንሽ ተዛነፈ ብሎ ወደ ጰራቅሊጦስ አዛወረው። ጰራቅሊጦስም በሰላም አለፈ። አሁን ተረኛዋ ጳጉሜን ሆናለች። እንዲህ ያለ ሒሳበኛ ባለሱቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ከደጁ ባልደረሰ ነበር፤ በስልክ ሲመጣ ግን ሰው ይታለላል።

ፀዲ ይህን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ በትሕትና ጀመረች። “ጋሼ፣ አባቶቻችን በየዓመቱ ደብረ ዘይትን ያከብራሉ አይደል? እርስዎስ ከልጅነትዎ ጀምሮ ስንቱን አከበሩ?”

“ማን ቆጥሮት።”

“በየዓመቱ ‘ይመጣል፣ ተዘጋጁ’ እየተባለ ይሰበካል። አያቴም ሰምተው እያለቀሱ ይመለሱ ነበር ይባላል። በማግስቱስ የት ይሄዱ ነበር?”

አቶ እንደሻው ትንሽ አመነቱ። “እርሻ።”

“ታዲያ አያቴ አላመኑም ነበር ማለት ነው?”

“አባቴን አትንኪ!” አሉ አቶ እንደሻው። “እንደሱ ያለ አማኝ በዚህ አገር አልነበረም።”

“እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ያርሱም ነበር። አንዱ ሌላውን አልከለከለባቸውም።”

አቶ እንደሻው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። “ኖኅም ሲያስጠነቅቅ ሰው ሁሉ ስቆበታል” አሉ ጣታቸውን አንሥተው። “ሲያርሱ፣ ሲሸጡ፣ ሲለውጡ ነው ውሃው የመጣባቸው።”

“እውነት ነው። ኖኅ ራሱ ግን በዚያን ጊዜ ምን እያደረገ ነበር? እንጨት እየጠረበ አልነበረም? ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አልጠበቀም። እንስሳቱንም ቢሆን ወደ መርከቡ አስገባቸው እንጂ ወደ ገበያ አልነዳቸውም።”

ጌትነት ይህን ሲሰማ መፍቻውን ጥሎ ሳቀ። አቶ እንደሻው በዓይናቸው ገሠጹት፤ ነገር ግን የራሳቸውም ጢም ትንሽ ሳይነቃነቅ አልቀረም።

“እኔ እኮ ለሆዴ ብዬ አይደለም የምሸጠው” አሉ ቀጥለው። “በገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን እመጸውትበታለሁ። ጌታ ሲመጣ እጄን አፍታትቼ ልቆም ነው።”

“ምጽዋትስ ድንቅ ነው። ግን ዳልቻ የእርስዎ ብቻ ነው?”

“የማን ሊሆን?”

“ጎንበስ ሲል ቀንበሩን አብሮት የሚሸከመው የማን በሬ ነው?”

አቶ እንደሻው ዞረው ዳልቻን አዩት። እሳቸውና ጎረቤታቸው ሰላሁዲን እያንዳንዳቸው ያላቸው አንዳንድ በሬ ነው። የእሳቸውን ዳልቻና የሰላሁዲንን ቡሬ አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን እያረሱ ዓመታት ቆይተዋል። ማሳቸው ገደላማ ስለሆነ ትራክተር አይወጣውም። ዳልቻ ተሸጠ ማለት የሰላሁዲንም እርሻ ቆመ ማለት ነው።

“ከራስዎ ቢመጸውቱ ጥሩ ነበር” አለች ፀዲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ይህ ግን ግማሹ ከሰላሁዲን ልጆች አፍ የሚወጣ ምጽዋት ነው።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ እንደሻው ጌትነት ወደ ባጃጇ ዞር እስኪል ጠብቀው፣ በርጩማቸውን ጠጋ አደረጉ።

“ፀዲዬ፣ ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር አለ። እኔ ተጠራጥሬያለሁ።”

“ምኑን?”

“ጰራቅሊጦስ ያለፈ ለታ ሆዴ ‘ይሄ ነገር ውሸት ነው’ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሁሉም ሲጠብቀው ያልጠበቀው እንደሻው ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? ለዚህ ነው በሬውን የምሸጠው። ከሸጥኩት መመለሻ አይኖረኝም፤ ወደድኩም ጠላሁም አምናለሁ።”

አንባቢ ሆይ፣ የሽማግሌው ጉድ ይህ ነበር። እምነታቸው ስለበዛ ሳይሆን ጥርጣሬያቸው ስላስፈራቸው ነው በሬያቸውን የፈቱት። ፀዲ አልሳቀችባቸውም። እጃቸውን ያዘች።

“የተጠራጠሩት ጌታን ነው ወይስ ሰውየውን?”

“ልዩነት አለው?”

“እንዴት አይኖረው? ሰውየው ሁለት ጊዜ ቀጥሮ ሁለቴም ቀረ። ጌታ ግን ቀን ቀጥሮ አያውቅም፤ ስለዚህ የቀረበትም ቀን የለም። ሰውየውን መጠርጠር ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ሆድዎ ከስልክዎ ይሻላል።”

“አንቺስ ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ? የተማረ ሰው…”

“አምናለሁ ጋሼ። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ‘መቼ ነው?’ እያሉ ያፋጥጡኛል። ‘አላውቅም’ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አስተማሪ ሆኜ አላውቅም ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ ቀኑን የማያውቅ ሰው ነው ሁልጊዜ የሚዘጋጀው። ጳጉሜን ነው ያለ ሰው እኮ እስከ ጳጉሜን ዝም ብሎ ይተኛል።”

ሽማግሌው በልባቸው ተረቱ። አፋቸው ግን ገና አልተረታም። “ለአገሩ ሁሉ አትዝሩ ብዬ አውጄያለሁ እኮ። አሁን ምን ፊት ይዤ እመለሳለሁ?” አሉ። እንግዲህ ከጌታ ይልቅ የማኅበርተኛ ሳቅ ነበር ያስፈራቸው።

ፀዲ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዳልቻ ጆሮውን አቁሞ ረጅም እምቧ አለ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ እምቧታ መለሰለት። በዝናቡ ውስጥ ሰላሁዲን ቡሬን እየነዳ፣ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ብቅ አለ።

“ኦቦ እንደሻው! አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩብዎት።”

አቶ እንደሻው ደነገጡ። ሊጣላኝ መጣ ብለው ነበር። “ምን ልታደርግ መጣህ?”

“ቡሬን ልሸጥ ነዋ” አለ ሰላሁዲን ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ለብቻው ምን ያደርግልኛል? በዚህ ወቅት መቀናጆ ያላገኘ በሬ የለም፤ ሁሉም ጥማዱን ሞልቷል። ደግሞ ሳስበው እነዚህ በሬዎች አብረው ነው ያረጁት። አንድ ገበሬ አብሮ ቢገዛቸው አይለያዩም። ዋጋው ዝቅ ቢልም አንድ ላይ እንሽጣቸው ልልዎት ነው የሮጥኩት።”

“ማሳህስ?”

“አላህ ያውቃል።”

“አልተቆጣኸኝም?”

“እርስዎ ጌታዎን ሊቀበሉ ነው፤ በዚህ ሰው ይቆጣል? የእኛም ሼሆች ኢሳ ይመለሳል ብለው ያስተምሩናል።” ሰላሁዲን ፊቱን በእጁ ጠረገ። “ትንሿ ልጄ ሂክማ ግን አስቸገረችኝ። ‘ኢሳ ሲመጣ ኦቦ እንደሻውን ብቻ ነው የሚወስደው? እኛ ምን እንበላለን?’ ብላ ጠየቀችኝ።”

አቶ እንደሻው ጌታን ሊቀበሉ በር በሩን ሲያዩ፣ በበራቸው የሚያልፈውን ይህን ሰው ሳያዩት ከርመዋል። ጌታ መጥቶ ‘እንደሻው ሆይ፣ ጎረቤትህ ምን በላ?’ ቢላቸው በጳጉሜንም ሆነ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመልሱት አልነበራቸውም። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

“ለሂክማ እንዲህ በልልኝ” አሉ ድምፃቸውን አጥርተው። “ኢሳ መቼ እንደሚመጣ ኦቦ እንደሻው አያውቅም። ሰኞ ግን የእናንተን ማሳ ይዘራል።”

ከዚያም ተነሥተው የዳልቻን ገመድ ያዙና ፊቱን ወደ ጭላሎ አዞሩት። በሬውም ያለ አለንጋ ቀደማቸው። ጌትነት ከኋላቸው፣ “ይሄን ሁሉ ጊዜ ስጠግን ኖሬ እንዲህ ያለ ጥገና አላየሁም!” ብሎ ጮኸ። አሁን አቶ እንደሻው ከልባቸው ሳቁ።

ወይዘሮ አሰፋች ዳልቻን በግቢው በር ሲገባ ስታይ ኩርፊያዋን ረሳች፤ አብራቸው የመጣችውን ፀዲን አቅፋ ሳመቻት፣ ባሏን ግን እስከ ማታ አላናገረችም፤ ለወጉ ያህል። ሰኞ የሰላሁዲን፣ ማክሰኞ የእነ አቶ እንደሻው ማሳ ተዘራ። አቶ እንደሻው በማኅበራቸው ዕለት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ “ቀን ቆጥሬ አሳስቻችኋለሁ፤ ያልዘራችሁ ዝሩ” አሉ። የተፈራው ሳቅ ሳይቀር መጣ። ሲመጣ ግን ያን ያህል አልከበደም፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በእሳቸው ቃል ሥራ የፈቱ ሁለት ቤቶችም በዚያው ሳምንት ሞፈር አወጡ።

ጳጉሜን መጣች፣ ሄደችም። ፀዲ ለእንቁጣጣሽ ስትደውልላቸው፣ “ጋሼ፣ ያቺ ቀን እንዴት አለፈች?” አለቻቸው።

“የትኛዋ ቀን?” አሉ። ኋላ ትዝ ሲላቸው፣ “ውይ፣ ረስቻት! አረም ላይ ነበርኩ ልጄ። ቢመጣም የሚያገኘኝ እዚያው ነበር” አሏት።

ስንዴው በታኅሣሥ ተወቃ። ለሂክማና ለወንድሞቿ የዓመት እህል ሆነ፣ የአሰፋች ጎተራ ሞላ፣ ለነዳያኑም ተርፎ ተሰጠ። በሬው ቢሸጥ ምጽዋቱ ለአንድ ቀን ነበር፤ በሬው በመትረፉ ግን በየዓመቱ የሚሰጥ ሆነ። ስልኩም ወደ ተገዛበት ጉዳይ ተመልሶ የልጃቸው መልክ ይታይበት ጀመር። ሽማግሌው እንቅልፋቸውን አገኙ። ተስፋቸውም ቢሆን አልቀነሰም፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸውን ሲከፍቱ ወደ ምሥራቅ አይተው ‘ዛሬ ይሆን?’ ይላሉ፣ ሳይፈሩ። ጌታን የሚጠብቅ ሰው በሥራው ላይ ሆኖ፣ ጎረቤቱን ይዞ ቢጠብቅ ምን ይጎድልበታል?

በተከታዩ ደብረ ዘይት ቄሱ ስለ ጌታ መምጣት ሰበኩ። አቶ እንደሻው እንደ አባታቸው አለቀሱ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሰላሁዲንን አጥሩ ሥር አገኙትና አጠገቡ ቆሙ።

“ሰላሁዲን፣ ነገ የበሬዎቹ ተራ የማን ነው?”