ሽማግሌዎቹን ያገተው ደንብ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ አልተጻፈም፤ በሰፈሩ «ፍሬን የለሽ» ተብላ ትጠራለች
ዕድሜ፦ 15
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከተሽከርካሪ ወንበር መጠገኛው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ጉዳዩ፦ አምስት አዛውንቶች ከፈቃዳቸው ውጭ በአዳራሽ ውስጥ ታግተው ዋሉ ስለመባሉ
ቃሉ ሲሰጥ የተገኙ አሳዳጊ፦ የምስክሯ አያት (ታገቱ ከተባሉት አንዱ)

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም አያቴ ዝም እንድል በዓይናቸው እየጠቀሱኝ፣ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

እኔ በተሽከርካሪ ወንበር የምሄድ ሰው ነኝ። በሰፈራችን ወንበር የሚጠግን፣ ለሌለውም የሚያውስ አንድ የበጎ አድራጎት መጠገኛ አለ። መካኒኩ «አስራ ሦስት ቁልፍ» ይባላል፤ ያ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ቀድሞ የጎማውንና የኩሽኔታውን ወጪ የሚችሉት ከሩቅ የሚረዱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን እርዳታችን እዚህ ላይ ያበቃል አሉ፤ አበቃ። መጠገኛውም ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን የወንበሬ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተሰበረ። ጠጋኝ ስላልነበረ ግማሹን የትምህርት ዓመት ቤት ውስጥ መስኮት ሳይ ከረምኩ። አያቴ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ አዝዬሽ ትምህርት ቤት አደርስሻለሁ ብለው ሁለታችንም ደጃፍ ላይ ተዘረርን። እሳቸው እስከ ዛሬ አንሸራተተኝ ነው የሚሉት። እውነቱ ግን ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ምርኩዝ ያዙ ሲባሉ ምርኩዝ የሽማግሌ ነው ይላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ መላ መታ። ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣ፣ የተዋጣው ባንክ ይቀመጥ፣ ዋናው ገንዘብ ለዘላለም አይነካ፣ መጠገኛው በየዓመቱ ከሚገኘው ትርፍ ብቻ ይተዳደር ተባለ። መካኒኩ ይህ ዘላቂ ፈንድ ይባላል ብሎ ሲያስረዳ ግማሹ ተሰብሳቢ አንቀላፋ። አባባ ተነሱና «ላም ገዝተናል በሉ። ላሟ አትታረድም፣ ወተቷ ይጠጣል» አሉ። ያን ጊዜ ለሁሉም ገባው። የፈንዱም ስም ላሚቱ ሆኖ ቀረ። ይህን የምናገረው አባባ አንዳንዴ ትክክል እንደሚናገሩ እንዲመዘገብላቸው ነው። እኛ ልጆቹም ባዶ ጠርሙስ ለቅመን ሸጠን አዋጥተናል።

ደንቡን ያረቀቁት አምስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። አባባ ሊቀመንበር፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ ደግሞ ጸሐፊ ሆኑ። ጋሼ ሰው ሲያናግሩ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ስፌቱን ነው። በደንቡ ውስጥ በጣም የሚኮሩበት አንድ አንቀጽ አለ። ላሚቱን የሚነካ ሐሳብ ከቀረበ፣ ብዙም ይስጥ ጥቂት፣ እያንዳንዱ አዋጪ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። የመጨረሻው ጥያቄ ሳይመለስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ ከአዳራሹ ከወጣ ሐሳቡ ውድቅ ነው። ይህን ሲጽፉ ማን ደፍሮ ይጠይቀናል ብለው ነው።

ላሚቱ መታለብ ስትጀምር መጠገኛው ተከፈተ፣ የእኔም ኩሽኔታ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ቁልቁለት ስወርድ ዶሮው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ቅጽል ስሜም የወጣልኝ ያኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን በመጠገኛው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሽማግሌዎቹ ዋናውን ገንዘብ አውጥተው ትልቅ የብረት በር ከእብነ በረድ ምሰሶ ጋር ሊያሠሩ፣ በምሰሶውም ላይ የአምስቱን ስም ሊያስቀርጹ አስበዋል ይላል። የጎረቤት ሰፈር ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ በር ካቆሙ ወዲህ የእኛዎቹ እንቅልፍ አጥተው ነበር። በአጭሩ ላሚቱን አርደው በቆዳዋ ላይ ስማቸውን ሊጽፉ ነው። አባባን፣ ከዚያ በኋላ ጎማ በምን ይገዛል አልኳቸው። ሰው አይጠፋም አሉኝ። ደንቡን ሳስታውሳቸው «ጠይቂያ፣ ማን ከለከለሽ» ብለው ሳቁ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

እኔና ጓደኞቼ በየቤቱ እየዞርን አዋጪውን ሁሉ ቀሰቀስን። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባው ሲከፈት አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው ሰው አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ቆሞ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እብነ በረዱን ማን እንደሚወለውለው ጠየቀ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ስማችሁ ሲቀረጽ ቅጽል ስማችሁም ይጨመራል ወይ አለ። ሽማግሌዎቹ ቅጽል ስም እንዳላቸው ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለማስረዳትም ጊዜ ፈጀ። ዳቦ ሻጯ ደግሞ የማን ስም ከላይ እንደሚሆን ጠየቁ። ይህን ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩበት። ጥያቄው እስካሁን አልተመለሰም የሚሉ አሉ፤ ዳቦ ሻጯ ግን በቃኝ ብለው ተቀመጡ።

በየመሀሉ ለሽማግሌዎቹ ሻይ ያቀረብኩት እኔ መሆኔን አልክድም። ደጋግሜ አቅርቤያለሁ። አንድ ሰው ከወጣ ሐሳቡ ስለሚወድቅ ዕቅዳችን የተመሠረተው በአዛውንቶቹ የሽንት ፊኛ ላይ ነበር። እነሱ ግን እግራቸውን አጣምረው ጸኑ። በዚህ ረገድ ያለኝ አክብሮት ይመዝገብልኝ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የልብስ ሰፊው ባለቤት፣ እትዬ፣ ምሳው ቀዝቅዞባቸው ወደ አዳራሹ መስኮት መጡ። ጋሼ በመስኮቱ በኩል፣ መውጣት አልችልም፣ አልለቀቁንም አሏቸው። እትዬ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋቸውም፤ ባሌን በላም ምክንያት አገቱብኝ ብለው ለፖሊስ ደወሉ። የመጡት ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው በመጀመሪያ የጠየቀው ላሟ የት እንዳለች ነው። ነገሩን ከተረዳ በኋላ ለሽማግሌዎቹ፣ ነፃ ናችሁ፣ መሄድ ትችላላችሁ አላቸው። አባባ ጠረጴዛውን መታ አድርገው «የትም አንሄድም። አንድ ጥያቄ ቀርቷል» አሉ።

የቀረው የእኔ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ወንበሬን እየገፋሁ ወደ ፊት ወጣሁ። አባባ ስላቸው፣ እዚህ ሊቀመንበር ነው የምባለው አሉ። «ሊቀመንበር አባባ፣» አልኳቸው፣ «በሩን ከፍተን ስንገባ ውስጥ ምን እናገኛለን?»

ልብስ ሰፊው መጠገኛውን ነዋ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መካኒኩን አዩና ከደኑት። መካኒኩ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲከት ያየሁት ያኔ ነው። አባባ ፊቴን አላዩም፤ የወንበሬን የፊት ጎማ ነው ያዩት። ከዚያ «ምንም። በር ብቻ ነው የሚሆነው» አሉ።

ድምፅ የሚሰጡት አምስቱ ብቻ ስለሆኑና አስቀድመው ስለተስማሙ፣ ጥያቄው ተመለሰ ተብሎ ወደ ድምፅ ቢኬድ አምስት ለባዶ ያልፍ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ገና ብዕራቸውን ሲፈልጉ አባባ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። መልሱ በቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ እንደተመለሰ አይቆጠርም፤ ይህንንም በደንቡ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። «ሊቀመንበሩን ሽንት ይዞታል፤ ይወጣል» አሉና እያነከሱ በበሩ ወጡ። ሐሳቡ በደንቡ መሠረት ወደቀ። ያስወጣቸው ሻዬ ይሁን ጥያቄዬ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። ጭብጨባው አስፋልት ድረስ ተሰማ። ሽንት ቤት ደርሶ ለተመለሰ ሰው እንደዚያ ተጨብጭቦ አያውቅም፤ ከተመለሱም በኋላ ወጣቶቹ ተሸክመው አዞሯቸው።

እትዬ ባላቸውን ሊያስፈቱ መጥተው በመቀነታቸው የቋጠሩትን ብር ፈትተው ላሚቱ ላይ ጨመሩ። እሳቸውን አይቶ ሌላውም ጨመረ፤ ላሚቱ ጥጃ ወለደች ተባለ። መካኒኩ በተረፈ ቀለም የአምስቱን ስም በመጠገኛው ግድግዳ ላይ ጻፈላቸው። ቅጽል ስማቸውም አልቀረም። አሁን ሁሉም በየተራ እየሄዱ ደህና መጻፉን ያረጋግጣሉ።

የማውቀው ይህን ነው። ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከርዕሰ ጉዳዩ ላይ «ታግተው» ከሚለው ቃል በቀር እውነት ያልሆነ የለበትም፤ እሱንም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። በዚህ እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ማስታወሻ፦ አሳዳጊው ከመፈረማቸው በፊት አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ገልጸው፣ ጥያቄያቸውም መልሱም እንዲመዘገብ አሳስበዋል። የጠየቁት መጠገኛው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ወንበር ያውሳል ወይ የሚል ነው። ምስክሯ «ያውሳል አባባ። ለእርስዎ ግን ፍሬን ያለውን ነው የምንመርጠው» ስትል መልሳለች። ጥያቄው ተመልሷል።

የአሳዳጊው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ተፈርሟል