ስሟ ያልተጠራ እህት

ለሆሳዕና ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! የአቶ ጠና የግራ ጫማ ሶል ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ከነተረከዙ መገንጠሉን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ተጠርጣሪው ሰይጣን ነው። አቶ ጠና የተገነጠለውን ሶል አንስተው ወደ ሰማይ ከፍ በማድረግ፣ "ገሥጬሃለሁ! ውጣ!" ብለው ጮኸዋል። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሲጠራ የነበረው ደላላም ከድንጋጤው የተነሣ ለአፍታ ዝም ብሏል፤ ይህም በመናኸሪያው ታይቶ አይታወቅም።

ለአቶ ጠና ነገሩ አዲስ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ፣ ወተት ሲገነፍል፣ ስብከት ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ ከጀርባው ያለውን ጠላት ወዲያው ያውቁታል። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተካይ እሳቸው ናቸው፣ ጾማቸውም የእውነት ጾም ነው። ጠላት ግን ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። የፊት ለፊቱን በር ሲጠብቁ ኖሩ፤ በጓሮ በኩል ማን እንደሚገባ ዞረው አላዩም።

"ጋሼ፣ ሰይጣኑን ይልቀቁት፤ ማስቲሹ ነው ያለቀው" አላቸው ጫማ ሰፊው ጀሚል። "ጫማውን ወዲህ ይበሉና ቁጭ ይበሉ።"

ቁጭ አሉ። ባዶውን እግራቸውን በሌላው እግራቸው ሸሽገው ቀና ሲሉ፣ ሊዲያ ትልቅ ፌስታል በሁለት እጇ አንጠልጥላ ስታልፍ አዩ። በሰንበት ትምህርት ፊደል ያስቆጠሯት ልጅ ዛሬ ዱራሜ አስተማሪ ናት።

"ሊዲያ! ጌታ ይባርክሽ ልጄ! ሳትጠይቂኝ ልታልፊ ነው?"

"አላየሁዎትም ጋሼ" አለች። አይታቸው ነበር። "አክስቴን ላደርስ ነው። እናቴ ዘንድ፣ አንጋጫ ትሄዳለች።"

"ገነቴ? ለጥየቃ ነው?"

"ለመኖር ነው።"

"ለመኖር! ገበያው ያማረላት ሴት ምን ሆንኩ ብላ?"

"አምሮላት ነበር። አሁን ቆጮዋን የሚገዛ የለም።"

አቶ ጠና ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "አየሽ፣ ይህ ጠላት ነው። የሰው እንጀራ ላይ ይነሣል። አጥብቀን እንጸልይላታለን።"

ሊዲያ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እባክዎን፣ ከእንግዲህ አይጸልዩላት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የገነቴ ልጅ ኤሊያስ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስልኩ ከተቋረጠ ቆይቷል። እናት ጠብቃ ጠብቃ አንጀቷ አልችል ሲል፣ አንድ ቀን ተሸፋፍና ወደ ገጠር ወጣችና ጠንቋይ ደጅ ደረሰች። ስትመለስ ፀፀቱ እህል አላስቀምስ አላት። በገዛ እግሯ አቶ ጠና ዘንድ ሄዳ፣ በሩን አዘግታ፣ አልቅሳ ንስሐ ገባች። እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ። በሐሙሱ የጸሎት ጉባኤ ግን "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲባል ብድግ አሉ፤ "አንዲት እህት አለች፤ ስሟን አልጠራም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ በር ያላት፣ ልጇ ደቡብ አፍሪካ የሆነ። ጠንቋይ ቤት ሄዳለችና በብርቱ እንጸልይላት።"

ስሟን ስላልጠሩ ሕሊናቸው ንጹሕ ነበር።

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አሉ አሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ኃጢአት በጨለማ ሲቀመጥ ይፋፋል። ዝም ብላት ተመልሳ ብትሄድስ? ጠላትን ወደ ብርሃን አውጥቶ መውጋት ነው የተማርነው። አንቺንም ያስተማርኩሽ ይህንኑ ነው።"

"በደንብ አስተምረውኛል። ግን ወደ ብርሃን ያወጣው ማነው? ራሷ አይደለችም? ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ነገረችዎት። ውጊያው ያኔ አልቋል፤ አሸንፋለች። አሸንፋ ስትመለስ ከኋላዋ የተኮሱባት እርስዎ ነዎት።"

"ተይ ልጄ። እኔ በፍቅር ነው ያቀረብኳት።"

"ፍቅርዎን አልጠራጠርም። ግን ሰይጣን ሥራው መክሰስ ነው ብለው የነገሩን እርስዎ ነዎት። ዱሮ ሰውን ለመክሰስ ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ አሁን እኛ ማይክ ይዘን ክሱን ሰብስበን እንጠብቀዋለን። 'እንጸልይላት' ካልን በኋላ የሰው ገመና ሐሜት መሆኑ ይቀራል? አንዲት የአክስቴ ጎረቤት ገበያ ላይ ምን አደረገች መሰለዎት? ቆጮውን ከመንካቷ በፊት እጇን ዘርግታ ገሠጸችው።"

ጀሚል መርፌውን አቆመ። "ቆጮውን?"

"ቆጮውን።"

"ላ ኢላሃ..." ብሎ ሳቁን ዋጠና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

አቶ ጠና ሊስቁም ሊቆጡም አቃታቸው። "ሞኝ ሰው የትም አለ" አሉ። "ሞኞች ስላሉ ጸሎት ይቅር?"

"አይቅር። ሰው የራሱን ችግር ይናገር፣ የሌላውን ባለቤቱ ፈቅዶ። ያልፈቀደውን እርስዎ በርዎን ዘግተው ለጌታ ይንገሩለት፤ አድራሻዋን ጌታ ያውቀዋል፣ አረንጓዴ በር ማለት አያስፈልግዎትም።"

ሽማግሌው ሌላ መልስ እያዘጋጁ ነበር። ጥቅስም አልቸገራቸውም። ሊዲያ ግን ድምፅዋ ተሰበረና፣ "ትናንት ዕቃ ስናስር ምን አለችኝ መሰለዎት?" አለች። "'ጠንቋዩ እንኳ ምስጢሬን ለማንም አልተናገረም' አለችኝ።"

አቶ ጠና ዓመታት ሙሉ ከዚያ ዓይነት ሰው ደጅ ምእመኑን ሲመልሱ ኖረዋል፤ አንዲት እናት ግን ሁለቱን ደጅ አይታ እምነት የሚጣልበት የትኛው እንደሆነ አወቀች። ማንን ይገሥጹ? ከዙሪያቸው የሚገሠጽ አልነበረም።

"መኪናው ወጥቷል?"

"እስኪሞላ እየጠበቁ ነው።"

ብድግ አሉ። "ጋሼ፣ ጫማው!" አለ ጀሚል። "አልደረሰም፤ ይህችን ያድርጉ" ብሎ የራሱን ሸበጥ ወረወረላቸው። የከተማው የተከበሩ ሽማግሌ አንድ እግር ጫማ፣ አንድ እግር ሸበጥ አድርገው፣ በሻንጣና በዶሮ መካከል እየተጋፉ ወደ አንጋጫው መኪና ሄዱ።

ገነቴ መስኮት ዳር ነበረች። ስታያቸው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ገነቴ፣ ይቅር በይኝ።"

"ብያለሁ። ሳይጠይቁኝ ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው ውረጂ። ሐሙስ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።"

"ምን ብለው?" አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ደክሟት ነበር። "'ያቺ ጠንቋይ ቤት ሄደች ያልኳችሁ...' ብለው ነው የሚጀምሩት? ያልሰማም ይስማ?"

አቶ ጠና ከመስኮቱ ፈቀቅ አሉ።

"አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በዚያ ጉባኤ የእኔን ነገር ዳግም አያንሱ። ለክፉም፣ ለደግም።"

"እሺ" አሉ። "ቃሌ ነው።"

ሊዲያ ገብታ አጠገቧ ስትቀመጥ መኪናው ሞላ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። አቶ ጠና አቧራው እስኪረግብ እዚያው ቆሙ።

የተማሩት ትምህርት ከጊዜ በኋላ ፍሬ ማፍራቱን መካድ አይቻልም። የሌላው ገመና ያለ ፈቃዱ ጉባኤ ፊት እንዳይቀርብ ሽማግሌዎቹን አስማምተዋል። ጸሎቱ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ እንደ ቀድሞው በገበያ በኩል አይዞርም። አረቄውን ከሚስቱ ደብቆ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደፍሮ መጥቶ ተናገረና ዳነ። ምስጢር የሚያርፍበት ቦታ ሲገኝ ሰው በጊዜ ይናገራል፤ በጊዜ የተናገረ ጠንቋይ ደጅ ድረስ አይሄድም። ይህ ሁሉ ጥቅም ለሌሎች ነው። ለገነቴ አልደረሰላትም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው በር እንደ ተቆለፈ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም ነበር። የጸሎት መሪዋ እህት ራሄል ማይኩን ይዛ፣ "እህታችን ገነቴ አገር ለቃ ሄዳለች አሉ" አለች። "ወንድም ጠና መናኸሪያ ሲያነጋግሯት ታይተዋል። ምን ገጥሟት ነው? እንድንጸልይላት።"

ጉባኤው በጉጉት ዞረ። አቶ ጠና ተነሡ። "አልናገርም።"

"ዝርዝሩን አይደለም፤ እንዲያው ፍንጭ ብቻ..."

"አልናገርም።"

ራሄል ሰዎቹን አየች፤ ሰዎቹ ራሄልን አዩ። ከኋላ አንዱ፣ "ዲዳ መንፈስ ይሆናል" ብሎ አንሾካሾከ። እጆች በአዘኔታ ወደ ሽማግሌው ተዘረጉ።

"ወንድም ጠና" አለች ራሄል በለሆሳስ፣ "ምን ነክቶዎት ነው? ለእኛ ካልነገሩ ለማን ይነግራሉ?"

"አልናገርም አልኩ" አሉና ተቀመጡ።