ጭረቷ የምትቀመጥበት ቦታ

የታላዋ ካውንቲ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት፣ ሃርፐን፣ ሚሲሲፒ

የምስክር ስም፦ ቨርና ስታክሃውስ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች መምህርት
አድራሻ፦ ሃርፐን፣ ወፍጮ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 41
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ ኦክቶበር 14 ቀን 1988፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ዶይል ፕሩዊት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። በዚህ ከተማ ለሠላሳ አንድ ዓመት አምስተኛ ክፍል አስተምሬ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ከኢዜል ስታክሃውስ ጋር ነው። ቃሌን የምሰጠው ወንድሜ ትናንት ስለተወሰደብኝና እስካሁን የት እንዳለ ስለማላውቅ ነው።

የግዛታችን ምክር ቤት ባለፈው ኤፕሪል ከዋሽንግተን ለመለየት ድምፅ ከሰጠ ወዲህ ለአዲሱ የደቡብ መንግሥት የማለ ሰው ሰማያዊ ካርድ ይሰጠዋል። እኔና ወንድሜ አልማልንም።

ሰኞ ኦክቶበር 10 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የቤታችን በር ላይ በሚስማር የተመታ ወረቀት አገኘሁ። በእጅ የተጻፈ ሲሆን «ያል እስከ እሑድ ማሉ፤ አለዚያ ቤቱን ለቃችሁ ውጡ» ይላል። የመጀመሪያዋ ቃል በአገራችን አነጋገር «እናንተ ሁሉ» ማለት ናት። ወንድሜ አንብቦ «እሑድማ አይመቸኝም፣ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን በቁልፍም በወንበርም እዘጋ ነበር።

ሐሙስ ኦክቶበር 13 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ አራት ጆንያ ፒካን፣ ከዛፎቻችን የለቀምነውን ለውዝ፣ በወንድሜ መኪና ጭነን ወደ መፈልፈያው ስንሄድ በቱላ ወንዝ ድልድይ ላይ ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሦስት የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ረጅሙ ሰውዬ ወደ ወንድሜ መስኮት ቀርቦ «አያ ኢዜል፣ እስቲ ሰማያዊዋን አሳየን» አለ። ወንድሜም «ያለችኝ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ናት፤ እሷንም ያወጣችልኝ እህቴ ናት» አለው። ሁለቱ ሳቁ። ረጅሙ «ቀልደኛ ነህ ባክህ! የየት አገር ሰው ነህ ለመሆኑ?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ «የዚሁ ነኛ። ይህን ፒካን የተከለው አያቴ ነው። አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለው። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው ይህንኑ ነው፤ ፊቱን ለሸፈነ ሰው ግን የሚጠየቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አልሳቁም። «ውረድ» አሉት፤ ወረደ።

ሦስተኛው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል አልተናገረም። ከኋላ ጎማው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ በመስታወቱ ሳየው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ረጅሙ ሰውዬ «እትዬ ቨርና፣ መንዳት ይችላሉ አይደል? ይሂዱ። ያል ደግሞ ወሬ እንዳታበዙ» አለኝ። ብቻዬን ቀርቼ ሳለ ለብዙ ሰው የሚባለውን «ያል» ማለቱን አስተውያለሁ። ወንድሜ «ጆንያዎቹን ዝናብ እንዳይነካቸው» አለኝ። ማርሹን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየሁትም።

ከሰዎቹ የሚያውቁት አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ፊታቸውን አላየሁም፤ ነገር ግን በራችን ላይ ስለተመታው ወረቀት የምለው አለኝ። «ያል» (Y'all) You እና All የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጋጥመው የተሠራ ነው። ከላይ የምትደረገው ትንሽ ጭረት የምትቀመጠው ፊደሎቹ የተቀነሱበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፊደል ከY በኋላ ነው። ይህን በየዓመቱ አስተምሬአለሁ። የወረቀቱ ጸሐፊ ከሁለተኛው ፊደል ከA በኋላ አስቀምጧታል፤ ይህን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራዋል። በጭረት ፋንታ ትንሽ ክብ የሚያደርግ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ነበረኝ። ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው መማር በጀመሩባቸው ዓመታት ነው። ስሙን ላስታውስ ሦስት ቀን ብሞክር አልመጣልኝም። ያላስታወሱትን ነገር ማስመዝገብ አይጠቅምም ተብያለሁ፤ ቢሆንም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። ወረቀቱን ለምክትል ሸሪፉ አስረክቤአለሁ።

ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው፤ ከራሴ የጨመርኩት፣ ፈርቼም የተውኩት የለም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ ልጠየቅበት እስማማለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በራሴ እስክሪብቶ። ከመፈረሜ በፊት እንዳነብ ስለተሰጠኝ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ሎሪን ቴት አጠገቤ እንድትቆም ጠይቄ ቆማለች። ምክትል ሸሪፉ ቃሌን በእጁ በጻፈበት በገጽ አንድ ላይ «ያል» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በሦስቱም ጭረቷ ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ናት፤ በሦስቱም ክብ ናት። ስለ ጭረቷ ከተናገርኩ በኋላ በተጻፈው በገጽ ሁለት ላይ ግን ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ናት። ገጽ አንድ እንዳይታረም እጠይቃለሁ።

ዶይል፣ በክፍሌ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው። አሁን ትዝ አለኝ።

ያስረከብኩት ወረቀት መዝገቡ ውስጥ የለም፤ በምክትል ሸሪፉ ሸሚዝ የግራ ኪስ ውስጥ ነው። ወንድሜ ያለበትን ቦታ ቃሌን የተቀበለው ሰው ይጠየቅልኝ። ፊርማዬ የወትሮውን ባይመስልም የእኔው ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ቨርና ስታክሃውስ (ተፈርሟል)
ሲነበብ የነበረች እማኝ፦ ሎሪን ቴት (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ (አልተፈረመም)