የኢሮ ፀጉርና የማማ ተሬሞአና ሎሚ

ማክሰኞ ጠዋት ማማ ተሬሞአና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው በቀሚሳቸው እቅፍ ሎሚ ሲለቅሙ፣ ሬፔታ ከጤና ጣቢያው ወጥታ በዚያው በኩል ስታልፍ ተገናኙ። ቀጠሮ አልነበራቸውም። እንዲያውም ማማ ያን ዕለት ሰው ባያገኛቸው ይመርጡ ነበር፤ እንቅልፍ በዓይናቸው ካልዞረ ሰንብቷል።

የጭንቀታቸው ምክንያት የልጅ ልጃቸው የኢሮ ፀጉር ነው። ኢሮ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ከተወለደ ጀምሮ ፀጉሩን መቀስ ነክቶት አያውቅም። ቅዳሜ ግን በደሴቷ ልማድ የወንድ ልጅ ፀጉር መጀመሪያ የሚቆረጥበት በዓል ነው፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ፀጉሩ በቀጭን በቀጭኑ ተከፋፍሎ በጥብጣብ ይታሰራል፤ እንግዳው ሁሉ በየተራ እየተነሣ አንዳንድ ዘለላ ቆርጦ ይወስዳል። እናቱ፣ የማማ ልጅ ቱአይኔ፣ እና አባቱ ለሥራ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ስለሚኖሩ፣ ያን ፀጉር ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠቡትም ያበጠሩትም ማማ ብቻ ናቸው። አሁን ታዲያ አገር ምድሩ የልጁን አናት ቁልቁል ሊያይ አራት ቀን ሲቀረው ፎረፎር ወረረው። ልጁ ሲያክ በሰሙ ቁጥር ማማ ሮጠው እጁን ይይዙታል።

«እንደምን አደሩ ማማ? ይህን ሁሉ ሎሚ! ዓሣ ሊጋብዙን ነው?»

«ዓሣው ቅዳሜ ነው። ይሄ ለኢሮ ራስ ነው። ጨምቄ እቀባውና ደረጃው ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ፎረፎሩን ጠራርጎ ያወጣዋል፤ ፀጉሩም ያበራል።»

የሬፔታ ፈገግታ ጠፋ። ሬፔታ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ትልቋ ደሴት ራሮቶንጋ ሄዳ ነርስነት ተምራ ወደ ትውልድ ደሴቷ አቲዩ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ማማ ስሟ በተነሣ ቁጥር «ያቺ አፍንጫዋን በቀሚሷ የምትጠርገው?» ማለታቸውን ገና አልተዉም።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሎሚ ቀብተው ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ቆዳው ይቃጠላል።»

«ምን አልሽ?»

«ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቆጣል። ያኑ ዕለት ምንም አይታይም። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው ውሃ የሚቋጥረው። ሲድንም ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል።»

«ወግ ነው! በየእሁዱ ጥሬ ዓሣ በሎሚ የምንበላው ሰዎች አንጀታችን ተቃጥሎ አለቀ በያ!»

«አንጀታችን ፀሐይ አይሞቅም እኮ ማማ።»

ማማ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «እኛ ከጓዳችን በወጣ ነገር ነው ያደግነው። እናንተ ከጠርሙስ ካልተቀዳ መድኃኒት አይመስላችሁም። እኔን እናቴ በሎሚ ነው ያጠበችኝ፤ ይኸው!» አሉና ወገባቸው ድረስ የወረደውን ሽበታም ሹሩባ ጎትተው አሳዩአት።

«ፀጉርዎማ ያስቀናል። ጓዳን መቼ ነቀፍኩ? ጠርሙስ ይግዙም አላልኩም። ግን ከጓዳ የወጣ ሁሉ ለራስ ቆዳ አይስማማም። ቃሪያም ከጓዳ ነው የሚወጣው፤ ዓይን ውስጥ አንጨምረውም። ለመሆኑ እናትዎ መቼ መቼ ነበር የሚያጥቡዎት?»

«ወደ ማታ ነዋ፤ ምንጩ ዳር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» ማማ ቆም አሉ። «ከዚያማ በምንጩ ውሃ ታለቀልቀኛለች።»

«አዩ? እናትዎ ያውቁ ነበር። እኛ ሎሚውን ይዘን ማለቅለቁን ረሳነው።»

የልማድ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ሲሻገር ምክንያቱ መንገድ ላይ ይወድቅና ድርጊቱ ብቻውን ይደርሳል፤ ተቀባዩም ሙሉውን የወረሰ ይመስለዋል። ማማ ግን በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ለመቀበል ዝግጁ አልነበሩም።

«እሺ አንቺ አዋቂዋ፣ ፎረፎሩን ምን ላድርገው? ቅዳሜ ደረሰ ብዬ ጠዋት ማታ እያጠብኩት እንኳ አልለቅ አለ።»

«ጠዋት ማታ? በምን?»

«በልብስ ሳሙና።»

«እንግዲያማ ያደረቀው እሱ ነው! ኮኮናት ፈቅፍቀው ይጭመቁ፤ ወተቱን በዝግታ ያፍሉት፤ ዘይቱ ሲንሳፈፍ በጨርቅ ያጥልሉት። ሲቀዘቅዝ የጣትዎን ጫፍ ነከር አድርገው ራሱን ይሹለት፤ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። መጀመሪያ ግን ክንዱ ላይ ጠብ አድርገው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካላስቆጣው ራሱንም አያስቆጣውም።»

«ክንድ ላይ መሞከር ነው? ሎሚዬንም እሞክረዋለሁ!» አሉና ማማ እዚያው አንዱን ሎሚ በጥርሳቸው ቦጭቀው ግራ ክንዳቸው ላይ አንቆረቆሩት።

«ኧረ ማማ! እኔ ያልኩት ዘይቱን ነው! ቶሎ ይታጠቡት!»

«እስከ ሐሙስ ምንም ካልሆንኩ አፍሽን ትዘጊያለሽ» ብለው ክንዳቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ሄዱ።

ረቡዕ ክንዳቸው ላይ ምንም አልነበረም። ማማ ግን ደስ አላላቸውም። በየሰዓቱ እጅጌያቸውን ገልጠው ያያሉ፤ ኢሮም ያካል። ከሰዓት በኋላ ቱአይኔ ከኦክላንድ ደውላ «ፀጉሩ እንዴት ነው ማማ?» ስትላቸው «እንደ ሐር ነው» ብለው ዋሹ። ስልኩን ዘግተው በውሸታቸው አፈሩ፤ ካፈሩት በላይ ግን ቱአይኔ ለበዓሉ መጥታ ያን ራስ ታያለች ብለው ፈሩ።

ሐሙስ ጠዋት መታገሥ አቃታቸው። ሎሚውን በሳህን ጨመቁ፤ ኢሮን ፀሐይ የሚመታው ደረጃ ላይ አስቀመጡ። ከንጋት ጀምሮ ክንዳቸውን የሚለበልባቸውን ነገር ትንኝ ነው ብለው ራሳቸውን አታልለዋል። ለሥራው እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ኢሮ ጮኸ።

«ማማ! ክንድሽ ምን ሆነ?»

ሎሚው በፈሰሰበት መስመር ሁሉ ክንዳቸው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ማማ ሳህኑን ሣሩ ላይ ደፉት። ከልጁ ጎን ቁጭ አሉ። ለልጁ ራስ መፍራታቸው ብቻ አልነበረም፤ ይህን ቁስል ከዚህ በፊት አይተውታል። ቱአይኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ፀጉሯን በሎሚ አጥበው ለዘፈን በዓል ሲያዘጋጇት፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንገቷ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር። እሳቸው ግን አትሂጂ ወዳልኳት ጫካ ሄዳ አባጨጓሬ ነክታለች ብለው ገርፈዋታል። ጥቁረቱ ዓመት ሊሞላ ሲል ነበር የለቀቀው።

የኢሮን እጅ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሱ። ሬፔታ ቁስሉን እያሰረች አንድም የድል ቃል አልተነፈሰችም። ማማ ይህን ታዝበው የቱአይኔን ነገር ነገሯት።

«ምን ይሻላል ልጄ?»

«ለኢሮ ዘይቱ አለ። ለቱአይኔ ግን...» ሬፔታ ፋሻውን ቋጨች። «ለሷ የሚሆነውን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ቀትር ሳይደርስ ዘይቱ ወጣ። ኢሮ ክንድ ላይ ተሞከረ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ምንም ስላልሆነ ራሱ ተቀባ፤ የልብስ ሳሙናውም ወደ ልብሱ ተመለሰ። ማሳከኩ ቆመ፤ ፎረፎሩም ጨርሶ ባይጠፋም ረገበ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እነ ቱአይኔ የመጡበት አውሮፕላን አረፈ። ቱአይኔ እናቷን አቅፋ «ክንድሽ ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ ማማ «በኋላ» አሉ። ማታም «በኋላ» አሉ።

ቅዳሜ ኢሮ በጥብጣብ ተሞልቶ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፀጉሩ ወዛም ነው፤ ቆዳው ቁስል የለበትም። ጎረቤት ሴቶች በማማ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«ምን ቀብተሽው ነው? አትደብቂን!»

ማማ ተነሡ። «ኮኮናት ነው፤ ሁላችሁም ጓዳ አለ። የሰማችሁትን ሁሉ ግን ልጅ ራስ ላይ አታፍስሱ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ሎሚ የነካ ቆዳ ፀሐይ አይየው፤ ዓሣ በሎሚ ስትሠሩም እጃችሁን ታጠቡ። እንዲህ ካደረጋችሁ ልጅ አይቆስልም፤ በልጅነቱ የጠቆረ አንገት ይዞ ትምህርት ቤት አይሳቅበትም። ይህን ያስተማረችኝ ሬፔታ ናት፤ ስትነግረኝ ተሳለቅኩባት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቱአይኔ ልጄ፣ ያን ጊዜ አንገትሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሎሚው ነው። አባጨጓሬ አልነበረም።»

ቱአይኔ መቀሱን እንደያዘች ቆመች።

«ጫካ አልሄድኩም ብዬሽ ነበር እኮ ማማ።»

«ብለሽኛል። አላመንኩሽም።»

ቱአይኔ መቀሱን አስቀመጠችና መጥታ የታሰረውን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች።

«ያማል?»

«በጣም ያማል» አሉ ማማ።

«አውቃለሁ» አለች ቱአይኔ፤ ከጎናቸውም ተቀመጠች።