የትሕትና ፈዋሽና የቄስ ማረው ስእለት

ወረታ መገንጠያው ላይ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና በሚጋፋበት ጥግ፣ ቄስ ማረውን የልጃቸውን የትሕትናን ክንድ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ልጅቱ ተማሪዬ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ በማግሥቱ ይነሣል፤ እሷ ግን ስንቅ ተሸክማ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ የሚሄድ መኪና ትጠብቃለች። ቀረብ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

«እንዴት አደሩ አባ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ጣራ ገዳም ነው፤ ሱባዔ ገብታ ትጠመቅ ብዬ።»

«ነገ ለፈተና ትሄዳለች እኮ!»

«ነፍሷ ከፈተናው ትበልጣለች፣ መምህር። ትናንት ለጓደኛዋ በስልክ ስትነግር በጆሮዬ ሰማሁ። የሞተውን ደጋግሜ አስነሣሁት ትላለች! ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ጠጠር ይጥላሉ አሉ። ጠጠር የሚጥል ማን እንደሆነ ለአንተ ልንገርህ?»

ድምፃቸው ከፍ አለ። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት ኖሯል። በአገራችን ጠጠር ጣይ ማለት ጠንቋይ ነው፤ ልጁ ጠጠር ጣለች የተባለ ካህን እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል?

«እሷንስ ጠይቀዋታል?»

«ክፉ መንፈስ ያደረበት ይጠየቃል? ይጠመቃል እንጂ!»

ይህ የብዙዎቻችን ጠባይ ነው፤ ልጅን ከመጠየቅ ስለ ልጅ መጨነቅ ይቀለናል። እኔም መኪናው እስኪመጣ ልጠይቃት ብዬ ፈቃድ ለመንኋቸው።

ትሕትና ወደ አባቷ ዞራ ተናገረች።

«ጨዋታ ነው አባ። ጓደኛችን በእውቀቱ ተረት ያወራል፤ እኛ በተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንሆናለን። የምንጥለውም ጠጠር የሉዶ መጫወቻ ዳይስ ነው፤ ያሰብነው መሳካቱን በሚወጣው ቁጥር እንለያለን። እኔ ፈዋሽ ነኝ። ሕጉ ‹ፈዋሿ የወደቀን ሰው አንድ ጊዜ ታስነሣለች፤ ለመድገም ማረፍ አለባት› ይላል። ዕረፍቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይልም። እኔም ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ‹አረፍሁ› እላለሁ፤ አስነሣለሁ። ደግሞ ‹አረፍሁ› እላለሁ፤ ደግሞ አስነሣለሁ።»

«ስታስነሺ የማንን ስም ትጠሪያለሽ?» አሉ አባቷ።

«የማንንም።»

«ክታብስ? የአስማት መጽሐፍስ?»

«የለም አባ። ጨዋታውም እኮ ተበላሸ። የሚሞት ስለሌለ ማንም አይፈራም፤ ማንም አይጠነቀቅም። በእውቀቱ ተቆጥቶ ጥሎን ሄደ።»

ቄሱ ክንዷን ላላ አድርገው «ይኸማ የካሴ ውኃ ነው» አሉ።

«ካሴ ማነው?» አልሁ።

«ጎረቤታችን ነው። በመስኖው ሕግ፣ የባለተራው ማሳ ሳይረካ ውኃው አይወሰድበትም። ካሴ ታዲያ የማሳውን ግርጌ ሸንቁሮ ወደ ወንድሙ ማሳ ይለቀዋል፤ የሱ መቼም አይረካ! ስንቆጣው ‹የትኛውን ሕግ ጣስሁ?› ይለናል።»

«ታዲያ ካሴን ጠበል ወሰዳችሁት?»

«ኧረ ወዲያ! ሕጉን አረምነው እንጂ» ብለው ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ግን ተስዬአለሁ፣ መምህር። ስእለት ደግሞ አይታጠፍም።»

በዚህ መሐል የመኪናው ረዳት «አዲስ ዘመን! አዲስ ዘመን!» እያለ ደረሰ። ቄሱ የልጃቸውን ክንድ አጥብቀው ይዘው ወደ መኪናው አመሩ።

«አባ» አለች ትሕትና፣ «ሲሳሉ ምን አሉ?»

«ፈተናዋ ሳይጀመር በጣራ ገዳም ጠበል አስጠምቃታለሁ አልሁ።»

«እወስዳታለሁ አላሉም። ጠበሉ በጀሪካን ይምጣልኝ።»

ክው አልሁ። በጨዋታ ያደረገችውን በስእለት ላይ ልትደግመው ነው! ቄሱ ክንዷን ለቀቁ።

«ይኸም ቀዳዳ ነው፣ ልጄ።»

«አዎን አባ።»

«እንግዲያስ እንድፈነው። ዛሬ እኔ ሄጄ አመጣለሁ፤ ማታ ትጠመቂያለሽ። ፈተናሽን ስትጨርሺ ግን ከእኔ ጋር ወደ ገዳሙ በእግርሽ ትወጫለሽ። ለበእውቀቱም ንገሪው፤ ዕረፍት ማለት ተኝቶ ማደር ነው ብላችሁ ሕጉን አርሙት።»

«እሺ አባ።»

አንባቢ ሆይ፣ የተገኘውን ጥቅም ተመልከት። ልጅቱ ከፈተናዋ አልቀረችም፤ ጨዋታውም ሕጉ ታርሞ ተቃና። ቀዳዳ ያገኘን ልጅ ጠይቀን ቀዳዳውን አብረነው ብንደፍን፣ በልጁም በሕጉም እናተርፋለን። ሳንጠይቅ ብንፈርድ ግን ሁለቱንም እናጣለን።

ቄሱ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮት ብቅ አሉ። «ትሕትና! ስላንቺ የምፈራው ሌላም ብዙ ነገር አለ። ስመለስ እጠይቅሻለሁ።»

«ይጠይቁኝ አባ» አለች፤ አሁን ገና እንባዋ መጣ። «እኔም የምጠይቅዎ አለኝ።»