ሱሪው የዋጠው ኪኒን

ዘመድን ባልጠበቁበት ቦታ ማግኘት ደስ ያሰኛል ይባላል፤ ሰፈሩ «ለፍላፊ» የሚላትን ልጅ ግን ያን ቀን አላስደሰታትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ለማሳጠር በመድኃኒት ቤቱ በኩል ብታልፍ፣ ልብስ ሰፊው አያቷ በሩ መሐል ተገትረዋል። እግራቸው ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስላል። ከኋላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ «በጠራራ ፀሐይ ስካር!» እያለ ያጉተመትማል።

«ጋሼ፣ የሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ እሳቸው ቆመዋል» አለችው። «ይህ ካልታየዎት የጠጡት እርስዎ ነዎት።»

ለፍላፊ ያሏት በከንቱ አይደለም። እግሯን በአያቷ እግር ፊት አጋደመችና «አባባ፣ እግሬን ይሻገሩ» አለቻቸው። እግራቸውን አነሱ፤ ተሻገሩ፤ ተለቀቁ። ይህን ብልሃት ክሊኒክ አብራቸው ሄዳ ከነርሷ ሰምታ በደብተሯ ጀርባ ጽፋው ነበር።

ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም ከያዛቸው አምስት ዓመት ሆኗል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እግር ያስራል፣ ድምፅ ይሰርቃል። አርባ ዓመት መቀስ ለያዘ ሰው ከዚህ የከፋ እንግዳ አይመጣም።

«ምን ሊገዙ መጥተው ነው?»

«ልገዛ አይደለም፤ ልመልስ ነው» አሉ ብልቃጡን ከኪሳቸው እያወጡ። «ከዳኝ። ለሚሠራለት ሰው ይስጡት። አጎትሽም ሱቁን ለአንድ ጫማ ነጋዴ ሊያስረክብ ተስማምቷል፤ በወሩ መጨረሻ እንፈራረማለን። የመምህሩን ኮት እጅጌ አጣምሜ ከቆረጥኩ በኋላ እኔስ በምን አፌ እምቢ እላለሁ?»

ለፍላፊዋ ብልቃጡን ከእጃቸው ወስዳ፣ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ሱቃቸው መለሰቻቸው። ሱቁ ጠባብ ነው፦ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ጫፉ ገና ያልተሰፋ የደንበኛ ሱሪ።

«ለመሆኑ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» አለች ገና ሳይቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትመረምሪኝ ነው? የራሴ ዘዴ አለኝ። ጠዋት ሰማያዊ ራስ ያላቸው አራት ስፒሎች ኮሌታዬ ላይ እሰካለሁ። አንድ ስውጥ አንድ እነቅላለሁ። ኮሌታዬ ባዶ ሲሆን የቀኑ አለቀ ማለት ነው። ወረቀት የለ፣ ጣጣ የለ።»

«ካስታወሱት ነዋ!»

«ብረሳውም ሰውነቴ ያስታውሰኛል። መንቀጥቀጡ ሲብስ ሁለቱን ባንዴ እውጣለሁ።»

ሽማግሌ ሲሳሳት «ልምድ ነው» ይባልለታል፤ ልጅ ስትሳሳት ግን ጆሮዋን ትቆነጠጣለች። ለፍላፊዋ ይህን በሆዷ ይዛ ኮሌታቸውን አየች። አንድም ስፒል የለበትም።

«አባባ፣ አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። የምሽቱንም ውጠውታል ማለት ነው?»

ልብስ ሰፊው ኮሌታቸውን ዳበሱ። እሷም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሱሪ ገልበጥ አድርጋ አሳየቻቸው። የታጠፈውን ጫፍ የያዙት ሦስት ስፒሎች ሰማያዊ ራስ ነበራቸው። ሲሠሩ እጃቸው በልማድ ወደ ኮሌታቸው ሄዶ፣ ያገኘውን ነቅሎ ሰክቷል።

«እርስዎ የዋጡት አንድ ነው። ሦስቱን ሱሪው ውጦልዎታል!»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ፊታቸው ላይ አልታየም። ይህ ሕመም የፊትን ጡንቻ ስለሚያስር ሳቅም ለቅሶም ውስጥ ይቀራል።

«የዛሬ ብቻ ነው» አሉ።

«እንቁጠራ!» ብልቃጡን ጨርቅ ላይ ገለበጠችው። «መቶ ፍሬ ነበር፤ ከገዛንልዎ ሃያ ቀን። በቀን አራት፣ ሰማንያ። ቢበዛ ሃያ መቅረት ነበረበት።» ሁለት ሁለት እያደረገች ቆጠረች። አርባ ሦስት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አርባ ሦስት።

ያን ጊዜ የልብስ ሰፊው ድምፅ ጭራሽ ቀነሰ። «መድኃኒቱ ከዳኝ ስል፣ ለካ የከዳሁት እኔ ነኝ። የመምህሩን ኮት በቆረጥኩ ቀንስ... ኮሌታዬ ባዶ ነበር። ውጬዋለሁ ብዬ ነው መቀሱን ያነሳሁት።»

ለፍላፊዋ ኪኒኖቹን ወደ ብልቃጡ መለሰች። «አባባ፣ በዓይን የሚለካ ልብስ ሰፊ የሬሳ ልብስ ብቻ ይስፋ፣ ባለቤቱ መጥቶ አይከሰውምና፣ ይሉ የለም? ታዲያ መድኃኒቱን ለምን በዓይን ይለካሉ? ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፈው» አለች።

«እና ገመናዬን ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ነው? ደንበኛ የታመመ ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቁን ይዞ ይመጣል?»

«ደንበኛው እጅዎን ሲያይ ያውቃል፤ ወረቀቱ ምን ይጨምርበታል? መንቀጥቀጡ እስኪብስ መጠበቅም ዝናብ ከመታን በኋላ ጣራ መድፈን ነው። ያመለጠውን በሁለት ማካካስ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን እንጠይቃለን እንጂ። በራስ ፈቃድ ባንዴ ማቆምም አደጋ አለው። ነርሷ ስትናገር እርስዎ መስኮት መስኮት ያዩ ነበር፤ እኔ ጻፍኩት።»

«አፍሽ ይቆረጥ» አሉ፤ በእሳቸው ቤት ይህ እሺ ማለት ነው።

በዚያው ምሽት ባለአራት ክፍል የኪኒን ሣጥን ተገዛ። አንድ ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ የምሽቱ አንድ ሰዓት ተብሎ ወረቀት ላይ ተሰመረ፤ ስልካቸውም በየሰዓቱ እንዲጮህ ተደረገ። ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ ወረቀቱ ላይ የሚደረገው ምልክት ከዋጡ በኋላ እንጂ ከመዋጥ በፊት አይደለም። ማታ ማታ ለፍላፊዋ ሣጥኑን ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ በልቧ ሱቁን መልሳ ሰጥታቸው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እጃቸው ሲረጋ አየችና ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋችላቸው። መቀሱ ሦስት ስንዝር ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ጠመመ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጠመመ። ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ ሌላ አልጠየቁም።

ሐኪሙም አልሸነገላቸውም። «ሰዓቱን በመጠበቅዎ ደህና የሆኑ ሰዓታትን አግኝተዋል፤ የእጅዎ ብልሃት ግን እንደ ድሮው አይመለስም። ሕመሙ ወደፊት ይሄዳል፤ እኛ እያየን መድኃኒቱን እናስተካክላለን» አለ።

ከክሊኒኩ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ለፍላፊዋ አለቀሰች። «ታዲያ ይህ ሁሉ መስመር ምን ፈየደ?» አለች።

የተጠራጠሩት ሽማግሌ ያን ጊዜ አስተማሪ ሆኑ። «አታልቅሺ፣ የኔ እናት። ሸሚዜን ማን ቆለፈው? እኔ። ሾርባዬን ማን ጠጣው? እኔ፤ ድሮ ግማሹን ጢሜ ነበር የሚጠጣው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እጄ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት እንደሚረጋ፣ ከዚያ እንደሚከፋ በወረቀቱ አሳየሁት፤ በግምት አልዋሸሁትም። ስወድቅም ሕመሙ እንደጣለኝ አውቃለሁ፤ ራሴን አልጠረጥርም። ይህ ትንሽ ነው። ትንሽነቱን እኔም አውቃለሁ። ግን ሌላ የተሰጠኝ የለም።»

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የስፌት መኪናው ተጭኖ ወጣ፤ ሱቁ ውስጥ ድምፅ ማስተጋባት ጀመረ። የጫማ ነጋዴው የውል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አጎቷ እስክሪብቶውን አንስቶ «አባዬ፣ አይድከሙ፤ እኔ እፈርምልዎታለሁ» አለ።

ልብስ ሰፊው ሰዓታቸውን አዩ። የጠዋቱን አንድ ሰዓት ውጠዋል፤ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

«አምጣው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «እስከ አራት ሰዓት የኔ ነው።»